ዋይፋይ የማያልፈው ግድግዳ

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እጄ አየር ላይ ደርቆ ቀረ።

እኔ እንኳ እያንቀሳቀስኩት ነበር፤ የደረቀው ስክሪኑ ላይ ያለው እጄ ነው። ሥራዬ የምልክት ቋንቋ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ ክሊኒኩ ውስጥ ይናገራል፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ መስማት የተሳነው ታካሚ ደግሞ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ባለው ስክሪን እጄን ያያል። የዕለቱ ታካሚ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ሐኪሙ «ይህን መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ» አለ። እኔም መድኃኒቱን በእጄ አልኩ፣ ባዶ ሆድን አልኩ፣ መውሰድን አልኩ። የመከልከሉ ምልክት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እሱ ጋ ሳልደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ሽማግሌው ባዩት ተስማምተው አመሰገኑ፣ ባርኔጣቸውን አነሱና ወጡ። አንዲት ነቃ ያለች ነርስ ናት በር ላይ ደርሳ የመለሰቻቸው።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ደወለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እጅሽ ላይ ምንም እንከን የለም» አለችኝ። «እንከኑ ያለው ቤትሽ ላይ ነው። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ሙሉ እፈትንሻለሁ። አንዴ ከተቋረጠ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የሰው ጤና ነው።»

ምን ይባላል? እሺ አልኩ። ይህን ሥራ ለማግኘት ስድስት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ፤ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነበር። ስልኩን ዘግቼ ክፍሌ ውስጥ መንጎራደድ ጀመርኩ። ከዚያች ደቂቃ እስከ ሰኞ ድረስ ተረጋግቼ የተቀመጥኩ አይመስለኝም።

ስለ ቤታችን መናገር አለብኝ፤ ጣጣው ሁሉ እሱ ነውና። አባዬ ለሳኝ ነው። ሌሎች ግድግዳ ይገነባሉ፣ እሱ በሲሚንቶና በአሸዋ ልስን ያለብሰዋል። እሱ በለሰነው ግድግዳ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያንሸራትታታል እያሉ ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል። ቤታችንን በገዛ እጁ ሁለት ጊዜ ነው የሠራው። መጀመሪያ መንገድ ዳር ያለውን የፊቱን ሠራ፤ ታች የእማዬ ልብስ ስፌት ሱቅ፣ ከሱ በላይ ሳሎን፣ ከሱ በላይ የነሱ መኝታ ቤት። እኔ ልወለድ ስል ደግሞ ከኋላ ሌላ ቀጠለበት፤ ታች ማድ ቤት፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ የእማዬ የጨርቅ ዕቃ ቤት፣ አናቱ ላይ የኔ ክፍል። ፊቱንና ኋላውን የሚለየው ከታች እስከ ላይ የቆመ አንድ ግድግዳ ነው፤ በር የሚባል የለውም። ከክፍል ወደ ክፍል የሚኬደው ከቤቱ ጎን በተገጠመ የብረት ደረጃ ነው፣ በሩም ሁሉ ላሜራ ነው። ውሃ ለመጠጣት ኮት የሚለበስበት ሌላ ቤት ካለ አሳዩኝ።

የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው በሱቁ በኩል ነው። የፊቶቹ ክፍሎች ዋይፋይ ሞልቷቸዋል፤ ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ብረት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ሲፈጭ ስለሚውል እዚያ ሆኜ ሐኪም ቀርቶ የራሴንም ድምፅ አልሰማም። ጸጥ ያለው የኔ ክፍል ነው። እዚያ ደግሞ መስኮቱ ሥር ከተጣበቅኩ በውጭ ዞራ የምትመጣ ቀጭን ሲግናል አገኛለሁ፣ ሌላ የለም። በስልክ ዳታ ልሥራ ብል ቢሮው አይፈቅድም። በዚያች ሲግናል ነበር የሰው ጤና ሳስተረጉም የከረምኩት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ዓርብ ጠዋት የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆምኩ። ባለሱቁን ሰፈርተኛው ሁሉ ፕሮፌሰር ነው የሚለው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው።

«የሚያስፈልግሽ ሜሽ ነው» አለኝ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ። «አንድ ትልቅ ራውተር ምንም አያደርግልሽም። ትንንሾቹን በየፎቁ ታስቀምጫለሽ፣ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ላይ ድረስ ያደርሱልሻል።»

ሦስት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንዱ ሁለት ፍሬ ብቻ የያዘ ነው፤ ፎቅ ለሌለው ቤት ይሆናል ብሎ ራሱ ወደ ጎን ገፋው። ሌላው ሦስት ፍሬ አለው። የመጨረሻው እንደዚያው ሦስት ፍሬ ሆኖ፣ ፍሬዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ለብቻው የተመደበ መስመር አለው፤ ሲቸግርም በኬብል ይያያዛሉ። እኔ አንዱን አነሳለሁ፣ ሌላውን አስቀምጣለሁ፣ ጀርባውን አነባለሁ፣ ያነበብኩትን ወዲያው እረሳለሁ። የያዝኩት ዕቃ ሳይሆን ሥራዬ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

«ቆይ ግን» አለ ፕሮፌሰር፣ «ግድግዳችሁ ከምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ግድግዳ ነው።»

«እሱማ ግድግዳ ነው እህቴ። ድንጋይ ነው? ብሎኬት ነው? ውስጡ ብረት አለው? ብረት ካለው ዋይፋይ ድርሽ አይልም።»

አባዬ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ የመሃሉ ግድግዳ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ለምንድን ነው?» አለ።

«ለዋይፋይ ነዋ።»

«ብሎኬት ነው።»

«ውስጡ ብረት የለውም?»

«የምን ብረት ነው ደግሞ? ብሎኬት ነው አልኩሽ» ብሎ ዘጋው። አባዬ ስለ ግድግዳ ከጠየቁት ግማሽ ቀን የሚያወራ ሰው ነው። ያኔ ግን ልብ አላልኩትም፤ ሐሳቤ ሁሉ ሰኞ ላይ ነበር።

«ብሎኬት ከሆነ ይሄኛው ያልፈዋል» ብሎ ፕሮፌሰር የመጨረሻውን ካርቶን ሰጠኝ። «ካልሠራ በሳምንት ውስጥ መልሺው። ካርቶኑን ግን እንዳትቀድጂብኝ።»

ሦስቱ ፍሬዎች ነጫጭ ናቸው፣ የሳሙና ማስቀመጫ ያክላሉ። ሰማያዊ ካበሩ ተገናኝተዋል፣ ቀይ ካበሩ አልተገናኙም። አንዱን ሱቁ ውስጥ ሰካሁት፤ ሰማያዊ። ሁለተኛውን እነ አባዬ መኝታ ቤት ሰካሁት፤ እሱም ሰማያዊ። በደስታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጥቼ ሦስተኛውን ክፍሌ ውስጥ ሰካሁት። ቀይ። ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት፣ ቀይ። ወለሉ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አልጋው ሥር፣ ቀይ። አንድ ፎቅ ወርጄ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ያዝኩት። ከእነ አባዬ መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እዚያም ቀይ ነው።

እማዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከታች ሆና ታየኛለች። «አንቺ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ደረጃውን ጨረስሽው እኮ። ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ዋይፋይ።»

«እሱ ደግሞ ሲገኝ ምን ይመስላል?»

«ሰማያዊ» አልኳት፤ እሷም «በይ ቀናው ይግጠምሽ» ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ረጅም ኬብል ገዛሁ። ከእነ አባዬ መኝታ ቤት አወጣሁት፣ በላሜራው በር ሥር አሳለፍኩት፣ በብረት ደረጃው ወስጄ በኔ በር ሥር አስገባሁት። ሰማያዊ ሆነ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ሳየው ዐይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ እማዬ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። የኛ ላሜራ በር ካላላተሙት አይዘጋም፤ እሷም እንደ ልማዷ አላተመችው። ኬብሉ እንደ ክር ተበጠሰ። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ እኔም አብሬው።

ወደ ፕሮፌሰር በረርኩ።

«ውጭ ውጭውን መዞሩን ተዪው» አለኝ። «ግድግዳውን ብሱትና ኬብሉን ወደ ዕቃ ቤቱ አሳልፉት። ሌላ ፍሬ ልጨምርልሽ፤ እዚያ ካስቀመጥሽው ከክፍልሽ ሥር ነው፣ በወለልሽ ሶሌታ በኩል ላይኛው ፍሬ ጋ ይደርሳል፤ የሶሌታ ብረት ተራርቆ የታሰረ ስለሆነ ያሳልፋል።» መነጽሩን ግንባሩ ላይ ፈልጎ አገኘውና ዐይኑ ላይ አደረገው። «ግን እህቴ፣ አባትሽ ዋሹ አልልም፤ ብቻ ብሎኬት እንዲህ አይሠራም። ማግኔት በክር አንጠልጥይና ወደ ግድግዳው አስጠጊው።»

ማግኔት እማዬ ጋ አለ፤ ወለል ላይ የተበተነ እስፒል የምትሰበስብበት። ክርማ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ እማዬ አንዲት ደንበኛ እየለካች ሳለ ይዤው ወደ መኝታ ቤታቸው ወጣሁ። ግድግዳው ነጭ፣ ለስላሳ፣ አንዲት ጭረት የሌለው፣ የአባዬ ኩራት ነው። ማግኔቱን በክሩ አንጠልጥዬ አስጠጋሁት። ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ፣ ቀስ ብሎ ሄደና ጥብቅ አለ። ወደ ግራ ወሰድኩት፤ ጥብቅ። ወንበር ላይ ወጣሁ፤ እዚያም ጥብቅ።

«ውረጂ» አለ አባዬ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ግድግዳ ብረት አለው።»

«በሩን ዝጊው።»

አላተምኩት። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሥራ አበላሽቶ አሠሪ ፊት የቆመ ጀማሪ መሰለኝ።

«ብረት አይደለም፤ ወንፊት ሽቦ ነው» አለ። «ከሥር እስከ ላይ ሽቦ መታሁበትና በላዩ ላይ ለሰንኩት። ልስን እንዲይዝ።»

«ለምን?»

«ተሰንጥቆ ነበር።»

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ኋለኛውን ቤት ሲጀምር እኔ ልወለድ ሁለት ወር ነው የቀረኝ። መሠረቱ ተቆፍሮ እስኪረጋ መቆየት ነበረበት፤ እሱ ግን ልጄ ክፍል ሳይኖራት አትመጣም ብሎ ቸኮለ። እማዬ እኔን ልትወልድ ሆስፒታል እንደገባች አዲሱ ቤት ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ግድግዳውም ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ትንሿ ጣት ትገባበት ነበር አለ።

«እናትሽ ልጅ ሆና ቤት ተደርምሶባታል» አለኝ። «እሷን ጎትተው አወጧት፣ አክስቷን ግን በሕይወት አላገኟትም። ስንጋባ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። የማይሰነጠቅ ቤት ሥራልኝ ነው ያለችኝ።»

በአራት ቀን መሠረቱን ከኋላ በድንጋይ ደገፈ፣ ሽቦውን መታ፣ ለሰነ፣ ቀለም ቀባ። በአምስተኛው ቀን እማዬ እኔን አቅፋ ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና እንዴት ለስልሷል አለችው። እሱም ዝም አለ፤ ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት ዝም ብሏል።

«እና እኔ ስጠይቅህ ለምን ዋሸኸኝ?» ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። «ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ ስወጣ ስወርድ እያየኸኝ?»

«ዋሸሁሽ፣ አዎ።»

«በቃ ግድግዳውን እንብሳዋ። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «በኋላ በኩል አልለሰንኩትም። ሽቦውም ጊዜውም አለቀብኝ። መደርደሪያ ገትሬ ጨርቋን ሞላሁበትና ሸፈንኩት። ኬብል ለማስገባት መደርደሪያው መነሳት አለበት። ከተነሳ ስንጥቁ ወለል ብሎ ይታያል። እናትሽ ያየችው ቀን እዚህ ቤት አታድርም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ሌላ ቦታ ክፍል ልፈልግልሽ። እለምንሻለሁ፣ እንዳትነግሪያት።»

«ለሰኞ? ነገ እሑድ ነው እኮ።»

ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ።

እሑድን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ተናድጄበታለሁ፣ አሳዝኖኛልም። ለእናቴ ልነግራት ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። አንዴ ሱቁ በር ላይ ደርሼ አፌን ከፈትኩ፤ እሷ መቀሷን እየሳለች «ምነው?» ስትለኝ «ምንም» ብዬ ዞርኩ። ምን ልበላት? ለኔ ሥራ ሲባል ሃያ ስምንት ዓመት የተኛሽበት ግድግዳ የተሰነጠቀ ነው ልበላት? ደግሞስ የተሰነጠቀው በማን ምክንያት ነው? ለኔ ክፍል ሲቸኩል አይደል?

ምሳ ላይ አባዬ ሳህኑን እያየ በላ። እኔ ምግቡ አልወርድ ብሎኝ ሹካዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ፤ እጄ ግን ጠረጴዛ ሥር በምልክት ቋንቋ ብቻውን ያወራል። ስጨነቅ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።

«እጅሽን አሳርፊ እስቲ» አለች እማዬ። ቀጥላ አባዬን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ሁለታችሁ ምን አጥፍታችሁ ነው?»

«ማን? እኛ?» አለ አባዬ።

«አይ፣ ጎረቤት» ብላ ሳህን ማንሳት ጀመረች።

ሰኞ ጠዋት ቁርጤን አወቅኩ። ለአለቃዬ ደውዬ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው ልላት ስልኩን አነሳሁ። ከምባረር በራሴ አፍ ብወጣ ይሻላል ብዬ ነው። ቁጥሯን ሳላገኝ ደረጃው ላይ ዘገም ያለ ኮቴ ሰማሁ። አባዬ ነው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ክፍሌ ድረስ ወጥቶ አያውቅም። ቁና ቁና እየተነፈሰ ገባና መሃል ወለሉ ላይ ቆመ። ጠረጴዛዬን አየ፤ ወንበሬ ከካሜራው ፊት እንዳይንሸራተት ወለሉ ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር አየ፤ ቀይ የሚያበራውን ፍሬ አየ።

«ያ ሰውዬ አናጢ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«መድኃኒቱን ወሰደው?»

«አልወሰዱም። ነርሷ ደረሰችባቸው።»

«ባትደርስስ?»

 መልሴን ሳይጠብቅ ዞሮ ወረደ። ስልኩን እንደያዝኩ ተከተልኩት። ሱቁ ውስጥ እማዬ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ እጅጌ ትገጥማለች፤ ደንበኛ አልነበረም። አባዬ ጎኗ ቆመ። የመኪናዋ ድምፅ እስኪቆም ጠበቀ።

«ያ የመሃሉ ግድግዳ» አለ። «ተሰንጥቋል። አሁን አይደለም፣ ያኔ ነው፣ ይቺን ወልደሽ ሆስፒታል ሳለሽ። ሸፍኜው ነው። አንቺን ማታለሌ ነው።» ወደ እኔ ጠቆመ። «ልጅቷ ሥራዋን ልታጣ ነው። ግድግዳውን መብሳት አለብኝ። አልኖርበትም ካልሽ ነገውኑ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።»

እማዬ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። እጅጌውን አጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ከመሳቢያዋ ቁልፍ አወጣችና «ኑ» አለች።

ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ተከተልኳት፤ አባዬ ከኋላችን የደረጃውን ብረት ይዞ ይወጣል። ዕቃ ቤቱን ከፈተችና መብራት አበራች። ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ የሸፈነ መደርደሪያ፣ በላዩ የጨርቅ ጥቅል። እኛን አግዙኝ አላለችም። መሃል ላይ ያሉትን ጥቅሎች አንድ በአንድ እየሳበች መሬት አስቀመጠች። ከባድ ከባዱ ጥቅል ሁሉ ዳር ዳር ላይ ነው፤ መሃል ያሉት ሴት ልጅ ብቻዋን የምታነሳቸው ቀላል ጨርቆች ነበሩ። ይህን ልብ ያልኩት በኋላ ሳስበው ነው። የመደርደሪያው መሃል ባዶ ሲሆን ጀርባው ታየ። ያልተለሰነ ብሎኬት፣ በላዩ ላይ እንደ ጅረት ተጠማዝዞ የወረደ ስንጥቅ።

በስንጥቁ ላይ አግድም የተሰመሩ የእርሳስ መስመሮች ነበሩ። በአጠገባቸው ቁጥር፣ ከቁጥሩ አጠገብ ዓመተ ምህረት። እማዬ የደንበኛ ልኬት ስትጽፍ እንደምትጽፈው፣ ትንንሽና ቀጥ ያለ።

አባዬ ጠጋ አለ። ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየነካ አነበበ። የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሃምሳ የሚሆን መስመር አለው። ቀጣዩ ዓመት አሥራ ሁለት። ከአራተኛው ዓመት ወዲህ አንድ አንድ መስመር ነው፤ ልኩም ያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

«ታውቂ ነበር?» አለ፤ ጣቱን ከመስመሩ ላይ ሳያነሳ።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች እማዬ። «መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር ልክ ካልገጠመ አላይም ብለህ ነው? በገባሁ በሳምንቴ ነው ያየሁት።»

«እና አልፈራሽም?»

«ፈራሁ እንጂ። የመጀመሪያውን ዓመት በየሳምንቱ ነው የለካሁት። አንድ ቀን ጨምሮ አገኘሁትና የልጅቷን ልብስ፣ የኔን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ሻንጣው ሁለት ወር አልጋ ሥር ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታፈርሰው ነበራ። አላውቅህም? ያኔውኑ አፍርሰህ እንደገና ትጀምር ነበር። ጨቅላ ይዘን የት እንሄዳለን?» ጥቅሉን ከእግሯ ሥር ገፋ አደረገችው። «ደግሞ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን በመዳፍህ ስትዳስስ አያለሁ። ጆሮህን ስትለጥፍበትም አይቼህ አውቃለሁ። አንተ በዚያ ጎን ትጠብቃለህ፣ እኔ በዚህ ጎን እጠብቃለሁ ብዬ ተውኩት።»

አባዬ ባዶው መደርደሪያ ላይ እጁን አስደግፎ ቆመ። ፊቱን በክንዱ ጠረገ። እኔም አላስቻለኝም፤ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። እማዬ ደግሞ ሰዓቷን አየች።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው አይደል ያልሽው?» አለችኝ። «ሂጂ መሰርሰሪያውን አምጪለት።»

የሚበሳበትን ቦታ ያሳየችው እሷ ናት። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከስንጥቁ ሁለት ክንድ ርቃ ለካች፣ በጠመኔ ምልክት አደረገች። «እዚህ ጋ። እዚህ ጤነኛ ነው» አለችው። እሱም አላንገራገረም። ምልክቱ ላይ ከዚህ በኩል በሳው። መሰርሰሪያው ሽቦው ጋ ሲደርስ ጮኸ፣ ከዚያ አለፈ። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ያ ዝንብ የሚያንሸራትት ግድግዳ ላይ አዝራር የምታህል ቀዳዳ ወጣች፤ አልጋው ላይ ነጭ አቧራ ተነሰነሰ። ኬብሉን አሳለፍኩ። ፕሮፌሰር የጨመረልኝን አራተኛ ፍሬ ዕቃ ቤት ውስጥ ሰካሁት፤ ሰማያዊ። ወደ ክፍሌ ወጣሁ። የኔውን ለማየት አልደፈርኩም፤ በጣቶቼ መሃል አየሁት። ሰማያዊ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት አለቃዬ ስክሪኔ ላይ መጣች። እሷ ሐኪም ሆነች፣ መስማት የተሳናት ባልደረባዋ ታካሚ ሆነች። ስለ ጨጓራ አስተረጎምኩ፣ ስለ እርግዝና ክትትል አስተረጎምኩ፣ ስለ ዐይን ቀዶ ጥገና አስተረጎምኩ። በየመሃሉ ዐይኔ ወደ መብራቱ ይሄዳል። አርባኛው ደቂቃ ላይ ከታች በሩ ሲላተም ሰማሁና መብራቱን አየሁ። ምንም አልሆነም። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል አለቃዬ ቀና ብላ አየችኝና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«ይህን መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ።»

መድኃኒቱን አልኩ፣ ባዶ ሆድን አልኩ፣ መውሰድን አልኩ፣ ከዚያም መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ምልክት እጄን ዘርግቼ አልኩ። ባልደረባዋ እኔ ያልኩትን መልሳ በእጇ ነገረችኝ። አንድም አልጎደለም።

«ነገ በሁለት ሰዓት ሥራ ትጀምሪያለሽ» አለች አለቃዬ።

እየሮጥኩ ወረድኩ። የዕቃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባዬ ባልዲ ሙሉ ሲሚንቶ አቡክቶ፣ የግንብ ማንኪያውን ይዞ ሊለስን ተዘጋጅቷል። እማዬ ስንጥቁ ፊት ቆማለች።

«ሰማያዊ ነው?» አለችኝ።

«ሰማያዊ ነው። አልፌያለሁ።»

ግንባሬን ሳመችኝና ወደ አባዬ ዞረች።

«ዞር በይልኝ» አላት እሱ። «እስኪመሽ እጨርሰዋለሁ። እንዲህ ተገልጦ አይደርም።»

«አትለስነውም።»

«እንዴት አልለስነውም?»

«ከለሰንከው የሚመጣው ዓመት ምኑን እለካለሁ?»

አባዬ ከዚህ ግድግዳ በቀር ሳይለስን ትቶት የወጣ ግድግዳ የለም። ማንኪያውን እንደያዘ ስንጥቁን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ማንኪያውን ባልዲው ውስጥ ከተተው፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና መዳፉን ዘረጋላት። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ሰጠችው። እሷ ሜትሩን ስንጥቁ ላይ አጋድማ ያዘች፣ እሱ ጉልበቱን እያመመው ጎንበስ ብሎ አሰመረ። መስመሩ ትንሽ ጠመመ።

«ያው ነው» አለ። «አልተነቃነቀም።»

«ዓመተ ምህረቱን ጻፍበት እንጂ» አለችው።

ጻፈበት።